በፊት እና በኋላ

ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በግራ በኩል ጉንጩና ግማሽ ከንፈሩ የሌለ፣ ጥርሱ ከነሥሩ ገጥጦ የሚታይ ልጅ አለ። በቀኝ በኩል ያው ልጅ ነው፤ ጉንጩ ተሸፍኗል፣ ከንፈሩ ገጥሟል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ከግራው ሥር «በፊት»፣ ከቀኙ ሥር «በኋላ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቃል የለም። አያስፈልግም ተብሎ ይሆናል።

ይህን ዓይነት ጥንድ ፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ብሮሹር፣ በሆስፒታል ኮሪደር፣ በጋዜጣ፣ አሁን አሁን ደግሞ በየእጅ ስልካችን ይመጣል። እኔ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪነት አመል ስላልለቀቀኝ መሰል እንደ አንድ የድርሰት ዓይነት አነበዋለሁ። መነሻ አለው፤ መድረሻ አለው፤ መካከል ግን የለውም። ባለታሪክ አለው፤ ባለታሪኩ ግን አይናገርም። ከሁሉ የሚከነክነኝ ይኸኛው ነው። ታሪኩ የአፍ ታሪክ ሆኖ ሳለ አንድም ድምፅ አይሰማበትም።

እንግዲህ ዛሬ ሂስ የማቀርበው በዚህ ድርሰት ላይ ነው። በቀዶ ሐኪሞቹ ላይ አይደለም፤ እነሱስ እጃቸው ይባረክ። እንዲያውም ሂሴ የሚነሳው የእነሱ ሥራ በሁለት ፎቶ መካከል ባለችው ቀጭን ነጭ መስመር ውስጥ ተውጦ በመቅረቱ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

*

እስቲ በመጀመሪያ የጎደለውን መካከል እንሙላው።

አፍ ሲፈርስ እንደገና የሚሠራው ከራስ ገላ ሌላ ቦታ በመጣ ቆዳና ሥጋ ነው። ሐኪሞች «ፍላፕ» ይሉታል። የእኛ ሰው ቢሆን «እራፊ» ይለው ነበር። በቋንቋችን «ጣፈ» ማለት እራፊ ለጠፈም ነው፤ ጻፈም ነው። ፊትን መጣፍ ከሁለቱም የራቀ አይደለም። ችግሩ ጨርቅ እንደተቀደደ ይጣፋል፣ ሥጋ ግን ደም ካላገኘ ይሞታል። የዚህ ጥበብ ታሪክ በሙሉ «የሚዛወረው ሥጋ ደም ከየት ያግኝ?» ለሚለው አንድ ጥያቄ መልስ የማግኘት ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጥንቶቹ ሕንዶች የተቆረጠ አፍንጫ ሲሠሩ የፊትን ቆዳ ግማሽ ሥሩን ሳይቆርጡ ያዞሩት ነበር። ጣሊያናዊው ጋስፓሬ ታልያኮትሲ በ1597 ባሳተመው መጽሐፍ የክንድን ቆዳ ከፊት ጋር ሰፍቶ፣ ክንዱን ከራስ ጋር አስሮ፣ ቆዳው ከፊት ደም መሳብ እስኪጀምር ታካሚውን ለሳምንታት ማቆየትን አስተማረ። እጁን ከአፍንጫው ጋር ታስሮ የሚሰነብት ሰው ምን ዓይነት ትዕግሥት እንዳለው አስቡት! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በፈንጂ የተበተነ ወታደሮች በብዛት ሲመጡ፣ ኦዴሳ ላይ ቭላዲሚር ፊላቶቭ፣ እንግሊዝ አገር ደግሞ ሃሮልድ ጊሊስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የሚዛወረውን ቆዳ እንደ ቧንቧ ጠቅልሎ መስፋትን አመጡ። ቧንቧው ደሙን ይዞ፣ ከቁስል ተጠብቆ፣ ከደረት ወይም ከትከሻ ወደ ፊት ይጓዛል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቀዶ ሐኪሙ ከክንድ ወይም ከጭን ላይ ቆዳና ሥጋ ሲያነሳ የሚመግበውን ደም ቅዳና ደም መልስ አብሮ ያነሳል። ሙሉ በሙሉ ይቆርጠዋል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ ከአንገት የደም ሥሮች ጋር ይሰፋዋል። መንጋጋ የጎደለው ከሆነ ከቅልጥሙ አጠገብ ያለችው ቀጭን አጥንት ተቆርጣ፣ እየተሰበረች በመንጋጋ ቅርጽ ትቀረጻለች። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሰች እራፊውን ትዳስሳለች፤ ሞቀ? ቀላ? ጠቆረ? ደሙ ገብቶ መውጫ ያጣ እንደሆነ በዘመናዊ ሆስፒታል ውስጥ ከሚጠሩት ረዳቶች አንዱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አልቅት! በምንጭ ዳር ከብቶቻችንን የሚያስቸግረው አልቅት ዘመድ የቆመውን ደም እየመጠጠ እራፊውን ከሞት ያተርፋል።

ይህ ሁሉ ከነጩ መስመር በስተጀርባ ያለ ነው።

*

ልብ በሉ፣ ይህ የፎቶ ድርሰት ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ጊሊስ በሲድከፕ ሆስፒታል ያደረገውን ሥራ በ1920 በመጽሐፍ ሲያሳትም ታካሚዎቹን ያሳየው ደረጃ በደረጃ ነው። የቆዳው ቧንቧ ከፊታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሥራው በእንጥልጥል እንዳለ፣ ገና ሰው ሳይመስሉ ጭምር። ከሱ ጋር የሠራው ሄንሪ ቶንክስ፣ ሐኪምም ሠዓሊም የነበረ ሰው፣ የወታደሮቹን ፊት በፓስቴል ቀለም ሥሎታል። ሥዕሎቹን ለሕዝብ ዓይን የሚሆኑ አድርጎ አልቆጠራቸውም፤ የሐኪም መዝገብ ናቸው ብሎ ነው የያዛቸው። ዛሬ ሲታዩ ግን ከፎቶው የሚበልጡበት ነገር አላቸው። ሠዓሊው ሰውየው ፊት ተቀምጦ ጊዜ አጥፍቷል። ወታደሩም መልሶ ያየዋል። ቁስሉ አለ፣ ሰውየውም አለ።

የዛሬው ብሮሹር ከዚያ ቅርስ የወሰደው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው። ሐኪም ለሐኪም ለማስተማር ያዘጋጀው ቅርጽ መካከሉ ወጥቶ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆነ። መካከሉ ሲወጣ ደግሞ ሥራው ተአምር መሰለ። ተአምር ጥያቄ አይጠየቅም። ስንት ጊዜ ተቀደደ? ማን አስታመመው? ቤቱ ሲመለስ ምን ገጠመው? ብሎ የተአምር አንባቢ አይጠይቅም። «ተመስገን» ብሎ ገጹን ይገልጣል።

*

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ፎቶግራፍ የዓይን ዳኛ ነው። አፍ ግን በዓይን ብቻ የሚዳኝ አካል አይደለም።

እስቲ አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር እየዘለቀ ከንፈሩን ይታዘበው፤ «አባባ፣ እማማ፣ ሰላም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ ሁለቱ ከንፈሮች ካልተገናኙ አይወጡም። ፈ የታችኛውን ከንፈርና የላይኛውን ጥርስ ትፈልጋለች። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ካልሞጠሞጠ ሙሉ አይሆኑም። ልጅ አፉን ሲፈታ የሚቀናው በዚሁ በከንፈር ድምፅ ነው፤ እናቱንም አባቱንም የሚጠራው በከንፈሩ ነው። እንግዲህ በሦስት ዓመቱ ከንፈሩን ያጣ ልጅ ያጣው መልኩን ብቻ ነው? «እማዬ» ሲል ድምፁ ወደ «እአዬ» ይጠጋበታል። «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የምንለው ነገር አፍ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የነገረን ሰዋስው የለም።

አዲሱ ከንፈር ይህን ይመልሳል ወይ? በከፊል። ከጭን የመጣ ቆዳ ከንፈርን የሚያከናንበውና የሚያጠብቀው ክብ ጡንቻ የለውም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ብልሃት ይፈልጋሉ። የታችኛውን ከንፈር ከክንድ ቆዳ ሲሠሩ ቀጭን ጅማት አብረው ያነሱና እንደ መቀነት ይወጥሩታል፤ ካልሆነ ከንፈሩ ተዘርግፎ ምራቅ ይዘረግፋል። የተዛወረ ሥጋ ደግሞ የትውልድ ቦታውን ቶሎ አይረሳም። ፀጉር ከሚያበቅል ቦታ ከመጣ አፍ ውስጥም ፀጉር ያበቅላል። ሰውየው ሲወፍር አብሮ ይወፍራል። ጣዕም አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ትኩስና ቀዝቃዛውን እንደ ነባሩ አይለይም። በፎቶው ላይ ግን ጉንጭ ነው፤ ያማረ ጉንጭ።

ሌላም አለ። ጉንጭ ተበልቶ ሲድን ጠባሳው መንጋጋን ቆልፎ ሊይዝ ይችላል። ጥርስ ከጥርስ ተጣብቆ፣ ማንኪያ የማይገባበት፣ ምግብ በቀዳዳ የሚሾልክበት አፍ ይሆናል። ቀዶ ሐኪሙ ጠባሳውን ቆርጦ መንጋጋውን ይከፍተዋል። ታዲያ ተከፍቶ የሚቀረው ታካሚው በየቀኑ፣ ለወራት፣ እያመመውም ቢሆን፣ መንጋጋውን የማላቀቅ እንቅስቃሴ ሲሠራ ነው። ካልሠራ ተመልሶ ሊቆለፍ ይችላል። በ«በኋላ»ው ፎቶ ላይ ልጁ አፉን ገጥሞ ነው የሚታየው። የተቆለፈና ያልተቆለፈ መንጋጋ አፍ ሲገጠም አንድ ናቸው! ፎቶው ትልቁን ድልና ትልቁን ሽንፈት መለየት አይችልም። እውነተኛው ፈተና እንጀራ ነው። ልጁ ከማዕድ ቀርቦ ቆርሶ ጎረሰ ወይ? ሲያጎርሱትስ አፉ ጉርሻውን ተቀበለ ወይ?

*

ይህን በራሱ ገላ የቀመሰ ሃያሲ ነበር፤ አሜሪካዊው የፊልም ሃያሲ ሮጀር ኢበርት። በ2006 በካንሰር ምክንያት የታችኛው መንጋጋው ክፍል ወጣለት። ከራሱ ገላ አጥንትና ሥጋ እየተወሰደ መንጋጋውን መልሶ ለመሥራት ተደጋግሞ ተሞከረ፤ አልያዘም። ከዚያ በኋላ እስከሞተበት እስከ 2013 አንድ ቃል አልተናገረም፤ በአፉ አልበላም፣ አልጠጣም፤ በቱቦ ነው የኖረው። በ2010 ግን ያን ፊቱን ሳይሸፍን ለአንድ ታዋቂ መጽሔት ተነሳ። «በፊት» የለ፣ «በኋላ» የለ፤ አንድ ፊት ብቻ። አጠገቡም የራሱ ጽሑፎች አሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ብዕሩ ከቀድሞው የበለጠ እንጂ ያነሰ አልጻፈም።

ሰውየው በዚያው ዓመት ስለ መብላት ሲጽፍ ምን አለ መሰላችሁ? ናፍቆቴ ለምግቡ ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ ላለው ጨዋታ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈ። ይህ ለእኛ አስተርጓሚ አይፈልግም። ብቻውን የሚበላ ሰው ብቻውን ይሞታል እያለ ያደገ ሕዝብ፣ አፍ ማጣት ከገበታ መጉደል መሆኑን ያውቃል።

ኢበርት ይህን ሁሉ ሊነግረን የቻለው ግን አንድ ነገር ስለነበረው ነው፤ ፊደል። ከገጠር የመጣው የፎቶው ልጅ ይህ የለውም። በአፉ ምክንያት ትምህርት ቤት ካልሄደ፣ አፉም ብዕሩም አብረው ተዘግተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ነው ስለሱ ሌላ ሰው የሚናገርለት። ሌላ ሰው ሲናገርለት ደግሞ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።

*

እስካሁን የተናገርኩት ስለ «በኋላ» ነው። የ«በፊት» ጉዳይ ይብሳል።

የግራው ፎቶ ስለ ልጁ የሚለው «እንዲህ ነበር» ብቻ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስላል። እርግማን የመሰለው ጎረቤትም ከዚህ የተለየ አላነበበም። ነገር ግን ልጁ ሲወለድ ሙሉ ከንፈር ነበረው። የበላው በሽታ ስም አለው፤ ኖማ። ስሙ ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ እየጋጠ የሚበላ ማለት ነው። በብዛት የሚይዘው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ ወይም ከወባ ገና የተነሱ ሕፃናትን ነው። ሲጀምር ድድ ነው፤ ይቀላል፣ ይደማል፣ ይሸታል። ከዚያ ጉንጭ ያብጣል። ከዚያ በቀናት ውስጥ ጉንጩ ጠቁሮ ይወድቃል። ካልታከሙት ሕፃናት እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። ፎቶው ላይ የምናየው ልጅ እንግዲህ ከብዙዎቹ መካከል የተረፈው ነው። የሞቱት «በኋላ» የላቸውም፤ «በፊት»ም አልተነሱም።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይህ ነው። በሽታው በድድ ላይ እንዳለ ከተደረሰበት ማቆሚያው ማይክሮስኮፕ አይደለም። በየመድኃኒት ቤቱ ያሉት አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል፣ አፍን በጨው ውኃ ወይም በማጠቢያ መድኃኒት ማጽዳት፣ ደህና ምግብ፤ በቃ። አውሮፓም ይህ በሽታ ነበረባት። የጠፋላት ሕዝቧ ጠግቦ መብላት ሲጀምር ነው፤ ገና ፔኒሲሊን ሳይገኝ። መልሶ የታየው የት መሰላችሁ? በናዚዎች የማጎሪያ ካምፕ ውስጥ፣ በረሃብ በደቀቁ ሕፃናት አፍ ላይ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ይምጣ። ኖማ የረሃብ ፊርማ ነው፤ የሚፈርመውም በልጅ ፊት ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሽታ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 ነው። ያውም በናይጄሪያ መሪነት በርካታ አገሮች ጥያቄ አቅርበው። ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ እንኳ ለመግባት ወረፋ የጠበቀ በሽታ! በዚህ ትግል ከታገሉት መካከል ራሳቸው ከኖማ የተረፉ ሰዎች እንደነበሩበት መዘንጋት የለበትም። የፎቶው ባለታሪኮች አፍ አውጥተው ተናገሩ ማለት ነው።

*

«ሰውየው ምን ነካው? ልጁ ዳነ አይደል! አንተ ስለ ፎቶ ትፈላሰፋለህ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ያለ ፎቶው ገንዘብ አይመጣም፤ ያለ ገንዘቡ ቀዶ ጥገናው የለም። ወደ አገራችን የሚመላለሱ የውጭ ቀዶ ሐኪሞች ቡድኖች፣ ከሩቅ ገጠር ታካሚ ፈልገው አዲስ አበባ የሚያመጡ እንደ ፕሮጀክት ሐረር ያሉ ድርጅቶች፣ ሌሊቱን እራፊ ሲዳስሱ የሚያድሩ የራሳችን ነርሶች፣ ሥራቸው ከማንም ሂስ በላይ ነው። ጉንጭ መመለሱም ትንሽ ነገር አይደለም። በነጠላ ጫፍ ፊቱን ሳይሸፍን ገበያ መውጣት ለሚፈልግ ሰው መልክ ጌጥ አይደለም፤ መውጫ በር ነው።

እኔ የምለው ፎቶው ይቅር አይደለም። ይርዘም ነው የምለው። ለምን ሁለት ብቻ?

ሦስተኛ ይጨመርበት፤ ከዓመት በኋላ የተነሳ፣ ልጁ አፉን ከፍቶ፣ ከተቻለም እየበላ። ይህ ሲሆን የሚሰጠው ሰው የሚከፍለው ለአንድ ቀን ቀዶ ጥገና ብቻ ሳይሆን ለመንጋጋ እንቅስቃሴው፣ ለክትትሉ፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀዶ ጥገና፣ በአገራችን እጅግ ጥቂት ለሆኑት የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጭምር መሆኑን ያውቃል። ከፎቶው ሥርም ከ«በፊት» እና ከ«በኋላ» ሌላ ልጁ ራሱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባበት። ፎቶው እንዳይወጣ ቢፈልግም ቃሉ ይከበርለት፤ አድጎ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ያ የግራ ፎቶ አሁንም በሰው ስልክ ውስጥ እንደሚዞር ማን አስረዳው?

ከሁሉም በላይ ግን የጎደለው አራተኛው ፎቶ ነው፤ ከ«በፊት» በፊት ያለው። የቀላና የሚደማ የሕፃን ድድ። ይህ ፎቶ አያስለቅስም። ብሮሹር ላይ ቢወጣ ገንዘብ አያመጣም፣ ማንም ለማንም አይልከውም። ነገር ግን በየቀበሌው ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጅ ክንድ ስትለካ አፉንም ከፈት አድርጋ ብታይ፣ እናቲቱም «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብላ እንዳታልፈው ቢነገራት፣ በግራ በኩል የሚቆም ልጅ አይኖርም ነበር።

በሐኪም ጥበብ አፍን ከክንድ ሥጋ መሥራት ይቻላል፤ ድንቅ ነው። ልጁ ይዞት የተወለደውን አፍ ማስቀረት ደግሞ ከዚያ ይቀላል፤ ይረክሳልም። ለመጀመሪያው አጨብጫቢ ሞልቷል። ሁለተኛው ፎቶ አንሺ እንኳ አላገኘም።